ሁለት ጥንድ መዳብ

ማዞሪያው ታች ነው፣ ከድልድዩ ማዶ፣
ቤታቸው ሽቅብ ነው፣ ከጉሙ ተዋህዶ፤
ሰባት ኪሎ ሜትር ሽቦ አለ በመሀል፣
ከምሰሶ ምሰሶ እየዘለለ ይሄዳል።
የተዘረጋው ድሮ ነው፣ አባታቸው ሳለ፣
«ሐኪም ላኩ» ይባልበት፣ «ሱፉ ስንት ዋለ?»
እንጂ ለምስል አይደለም፣ ለቅጽም አይደለም፤
ዝናብ የነካው ቀን ድምፅም አያሳልፍም።

ኔሪስ እባላለሁ። መሰላል፣ መቆንጠጫ፣
የመስመር መመዘኛ፣ አንድ የሻይ መጠጫ
ይዤ ነው የምዞር በብሪንማይን ሸለቆ፣
መስመር ሲያስል ሰምቼ፣ ሲያቃትት ተጨንቆ።

በጥቅምት ደወለ ኢድዋል፣ ሽማግሌው፦
«ልጄ፣ ይሄ ነገር ምንድነው የሚለው?
በጎቼን ልመዘግብ፣ በኢንተርኔት ነው ተብሏል፣
ቅጹን ስሞላ አድሬ፣ መላኪያው ጋ ስደርስ ይጠፋል።
ክብ ነገር ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይዞራል፤
ውሻዬ እንኳ ጅራቷን ስታባርር ደክሟት ትተኛለች፤
እሱ ግን ይዞራል።»

ወጣሁ። ለካሁ። አንድ ሜጋ አይሞላም።
ፋይበር ለሁለት ቤት ማንም ሽቅብ አይቆፍርም።
ሁለት ቤት አልኩ እንጂ፣ ቤቱ እንኳን አንድ ነው፣
ግንብ መሀሉ ገብቶ ለሁለት የከፈለው።
ባንድ ጣሪያ ሥር፣ ባንድ ጭስ መውጫ፣
ሁለት በር፣ ሁለት ስልክ፣ ሁለት መቀመጫ፤
ከግንቡ ወዲህ ኢድዋል፣ ቴግዊን ከወዲያ፣
ሠላሳ አንድ ዓመት የሞላው ኩርፊያ።

ምክንያቱ በር ነው፤ የግጦሹ በር፤
አንዱ ሳይዘጋው ቀርቶ አንድ ሌሊት ሲያድር፣
አርባ በግ አለቀ አስፋልት ላይ ወጥቶ፣
ጭነት መኪና ደረሰ ከጉሙ ውስጥ መጥቶ።
ኢድዋል «እሱ ነው» ይላል፤ ቴግዊን «እሱ» ይላል፤
በሩ ራሱ በስብሶ ከወደቀ ቆይቷል።

ከውጭ፣ ከጣሪያው ጠርዝ በታች፣ ሳጥኑን ከፈትኩ።
አንድ ጥቁር ገመድ፣
ሆዱ ውስጥ የኢድዋል ጥንድ፣ የቴግዊን ጥንድ፣
ባንድ ልባስ ተጠቅልለው ጎን ለጎን የተኙ፣
ያን ሁሉ ዳገት አብረው ወርደው
አንድ ቀን እንኳ ያልተገናኙ።
መዳብ ግን ጆሮ አለው።
አንዱ ሲያወራ ሹክሹክታው ለሌላው ይደርሰዋል፤
እኛ በሥራችን ያንን ጫጫታ እንለዋለን፣
ቀንሰን እንጥለዋለን።

«ሁለቱን ባጣምራቸው» አልኩት፣ «ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል፤
አዲስ ሽቦ አያሻም፣ ፈቃድ ብቻ ያሻል፤
ያንተም፣ የእሱም።»
«ያለ እሱስ?»
«ያለ እሱ፣ እንዳለህ ነህ።»
ኢድዋል ጫማውን እያየ ቆየ፤
ጭቃው እስኪደርቅ የሚጠብቅ መሰለ።

ዞሬ ሌላውን በር መታሁ።
ቴግዊን ከመጋረጃው ጀርባ ሲሰማን ነበር፤
ገና አፌን ሳልከፍት፦
«ሳጥኑ በማን በኩል ነው የሚቀመጠው?»
ይህን አላሰብኩበትም።
«ግንቡ ላይ» አልኩ።

ግንቡን በሳሁት፤ የጣት ውፍረት ያህል።
አቧራው በሁለቱም ወለል እኩል ወረደ፤
ሁለት መጥረጊያ ባንድ ጊዜ ሲነሣ ሰማሁ።
ከየሶኬታቸው አንድ አንድ ሽቦ ስቤ ሰካሁ፤
አረንጓዴው መብራት ብልጭ፣ ብልጭ፣ አለና
ጸና።

አንበሳ ባለበት አገር «ድር ቢያብር» ይባላል አሉ፤
እኛ ዘንድ ያሉት በጎች ናቸው፤
እነሱም ያን ማታ ተመዘገቡ፣
ሽባዋ ጠቦት ሳትቀር፣ ሁሉም በየቁጥሩ።

አሁን ታች፣ ማዞሪያው ቤት፣ ሻዬን ይዤ
የመስመራቸውን ልኬት አየዋለሁ።
አንዳንድ ማታ ድንገት ግማሽ ይሆናል።
ዝናብ አይደለም፤ ነፋስም አይደለም፤
አንዱ ተናዶ ነቅሎታል።
መሰላል አላወጣም፣ መኪናም አላስነሣ፤
ይቆይ እለዋለሁ።
ንጋት ላይ፣ በጎቹ ሳይነቁ፣
ቁጥሩ ዳገቱን ወጥቶ ቦታው ይመለሳል።
ማን ነቀለው? ማን ሰካው?
እንደ በሩ ነው፤
አልጠየቅኩም።